ሰማያዊ የማይገባበት ቤት

ልብስ ሰፊዋ ሰማያዊ ጨርቅ አትነካም። ደንበኛ ይዞ ከመጣ፣ ሐር ይሁን ሱፍ፣ «ሌላ ጋ ይውሰዱት» ብላ ከደጃፍ ትመልሰዋለች። የሰፈሩ ሰው አመል ነው ይላል። የምን አመል! የመጀመሪያ ልጇ በሦስት ዓመቱ፣ ክዳኑን ረስታ በተወችው የውሃ በርሜል ውስጥ ሲገኝ፣ የለበሰው እሷው በእጇ የሠራችለትን ሰማያዊ ሹራብ ነበር። ጎትታ ያወጣችውም እሷ ናት። ሹራቡ ውሃ ጠጥቶ ከልጁ ይልቅ ይከብድ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያ ነገር ከዓይኗ ላይ አልሄደም። ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ አለ፤ ሰው ሲያስቃትም አለ።

ስለዚህ ዓይኗ ቢደክምባት የሄደችበት ሐኪም «ዓይንዎ ከዓመት በላይ አያይም» ሲላት፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ መጀመሪያ ያሰበችው «እፎይ፣ ተገላገልኩ» ብላ ነው። ቀጥሎ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጇ ትዝ አለቻት። የእሷስ መልክ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን መስኮቱ ሥር እያቆመች፣ ለቀሚስ እንደምትለካት ዙሪያዋን ትዞር ጀመር። የግንባሯን ጠባሳ፣ የተደራረበውን ጥርሷን፣ ከአንዱ ከፍ ያለውን ቅንድቧን በቃሏ ያዘች።

«እማ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ እኮ!»

«ዝም በይ፣ እየለካሁሽ ነው።»

«በዓይን ነው እንዴ የሚለካው?»

«እስካለ ድረስ፣ አዎ።»

ዓይኗ ዓመት አልጠበቀም፤ በስምንተኛው ወር ድርግም አለ። የስፌት መኪናው ጨርቅ ተጣለበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የእናቷን ጸጉር እየጎነጎነች፣ «እማ፣ መልኬ ትዝ ይልሻል?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ መልኳን በሐሳቧ ፈለገች። ጠባሳውም፣ ጥርሱም፣ ቅንድቡም በቃል አሉ። ለቃቅማ ልትገጣጥማቸው ሞከረች፤ ፊት አልሆን አሏት። የመጣው ያው በርሜሉ ነው፣ ጥርት ብሎ። አሁን የሚጋርደው ነገር እንኳ የለም።

«እንዴታ! ይኸው እያየሁሽ» አለች።

«እውነት? ምን ለብሻለሁ?»

«ሰማያዊ ሹራብ።»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው። ልጅቷ በዕድሜዋ ሰማያዊ ለብሳ አታውቅም፤ ለምን እንደሆነም ታውቃለች። በእናቷ ጸጉር ላይ የነበሩት ጣቶቿ ቆሙ።

«አዎ እማ» አለች ልጅቷ። «እሱን ነው የለበስኩት።»

መጎንጎኗን ቀጠለች።