እንሶስላ የሞቀች እጅ

እና ስልኳን ለኔ ሰጠችኝ፣ ለማን ትስጠው ታዲያ፣ ፍቅርተ እንሶስላ ሞቃ ሁለት እጇ በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ የሺ ዛሬ እጄ አንቺ ነሽ አለችኝ እየሳቀች፣ ሚዜነት ቀሚስ ማሰፋትና መጨፈር ይመስለኝ ነበር፣ አጎረስኳት፣ አፍንጫዋን ሲበላት አከክሁላት፣ ከዚያ ስልኩ እጄ ላይ ነዘረ። ደሳለው። ሁለቴ ሽማግሌ ልኮ አባቷ የመለሱበት ደሳለው። ነገ መልካሙ ከሐሙሲት ሙሽራ ሆኖ ሲመጣ መንገድ ላይ እጠብቀዋለሁ፣ አንቺን ይዞ ከሄደ እኔ ወንድ አይደለሁም፣ ይላል።

አነበብኩላት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ይሻው ከሰማ ዛሬውኑ ሄዶ ይገድለዋል አለችኝ፣ ወንድሟን አውቀዋለሁ፣ ያደርገዋል፣ ጠመንጃው ከትከሻው ወርዶ አያውቅም፣ ከዚያ በኋላ ደም ነው፣ ማለቂያ የለውም፣ ማርያምን በይ፣ ማርያምን አልኩ። ምን አስቸኮለኝ። የሺ ነኝ፣ ስልኳ እኔ ጋ ነው፣ እባክህ ተው ብዬ ጻፍኩለት፣ ስልኩን ደጋግሜ አየሁት።

ብናገር ደሳለው ይሞታል፣ ዝም ብል መልካሙ ይሞታል፣ ሰርግ ላይ ደግሞ ሁሉም ይተኩሳል፣ የደስታውን ጥይት ከሌላው ማን ይለየዋል፣ እኛ እልል እያልን እኮ ነው የሚወድቀው።

ልብስ ሰፊው ጋ ደርሼ መጣሁ ብዬ ወጣሁ። አሁን የጋፋት ቀጭን መንገድ ላይ ነኝ፣ ወደ ደሳለው እናት ቤት፣ ለማንም ስትል እናቱንም ማለቷ ነው እንዴ፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ። እትዬ አማረች ጡታቸውን አውጥተው ባጠባሁህ ጡት ካሉት ይቆማል፣ የእናቱን ጡት ተራምዶ የሚሄድ ወንድ የለም፣ ወይስ አለ፣ ዘንድሮ ምን የማይታይ አለ። ይሄ ጫማ ደግሞ፣ ለሰርጉ የገዛሁት፣ እንዲለምድልኝ ብዬ አድርጌው ተረከዜን ልጦ ጨረሰው።

ሰው የለም። የጭድ ክምር፣ ሁለት ላሞች። ከክምሩ ኋላ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ውሻ ነው፣ ውሻ ይሁንልኝ። ፈራሁ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ምን እላቸዋለሁ፣ እትዬ እንደምን ዋሉ፣ ልጅዎ ነገ ሰው ሊገድል ነው፣ እንዲህ ይባላል? ልጄን ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊው መጣሽ ብለው ቢያባርሩኝስ፣ ወሬው ይሻው ጆሮ ቢገባስ። ፍቅርተ ዕድሜ ልኳን አታናግረኝም፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ያደግን። አታናግረኝ። ባሏ ይኑርላት እንጂ።

በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ሰማያዊ። እጄን ሳነሳ ስልኩ ይነዝራል።

የሺ፣ ያን በር እንዳትነኪ።

ያየኛል። ከየት፣ ከክምሩ ኋላ ነው፣ ውሻ አልነበረም፣ ልዙር፣ አልዞርም፣ ጠመንጃውን ይዞ ቢሆንስ፣ ነገ ለመልካሙ ያሰበውን ዛሬ ለኔ ቢያደርገውስ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ሚዜ ነኝ፣ ሚዜ ብቻ። ደግሞ ነዘረ። እናቴን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢብኝ፣ እለምንሻለሁ።

እለምንሻለሁ?

ሰው አጋድማለሁ የሚለው ልጅ ይለምነኛል። ይፈራል። እናቱን ይፈራል።

ቤቶች፣ እላለሁ፣ ቆርቆሮውን በመዳፌ እመታዋለሁ፣ ቤቶች፣ ከኋላዬ ጭድ የሚረግጥ የሩጫ እግር፣ ከውስጥ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ይመጣል፣ የትኛው ይቀድማል፣ እትዬ ቶሎ ይበሉ፣ በሞቴ ቶሎ። ማነሽ የኔ ልጅ፣ ይላሉ በሩን እየከፈቱ፣ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ያያሉ።

ደሳለው፣ የያዝከው ምንድን ነው?

እጃቸው ወደ ቀሚሳቸው ደረት ይሄዳል። ከኋላዬ ሲሮጥ የነበረው እግር ይቆማል።