ማንበብ የቻሉ

መምህር ጉልላት ከእርሻው የጭነት መኪና ላይ ዘሎ ሲወርድ ስድስተኛዋ ፍየል ገና እግሯን ታወራጭ ነበር። አምስቱ በቦዩ ዳር ተዘርረዋል፤ አፋቸው ላይ አረፋ ደርቋል። ተማሪው ሀምዳ ከመካከላቸው ቁጢጥ ብላ የምትሞተዋን ፍየል አንገት ይዛለች። ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች።

"ልጇም ከዚሁ ውሃ ጠጥታ ኖሯል" አለችው ኡምሰልማ ቀረብ ብላ። "ወደ እርሻው ክሊኒክ አድርሰናታል። የሚያክማት ድሬሰር ትተርፋለች ብሏል፣ አልሃምዱሊላህ። ግን ዓይኗን ገና አልገለጠችም።"

ኡምሰልማ ከወሎ መጥታ በጥጥ ለቃሚዎቹ ሰፈር ሱቅ ከከፈተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አፋርኛ እንደ እናቷ ቋንቋ ትናገራለች። ከሱቋ ጎን ያለውን ዳስ ለትምህርት የሰጠችውም፣ ጉልላት በሌለበት ቀን ፊደል የምታስቆጥረውም እሷ ነበረች፤ ያለ ምንም ክፍያ።

ከሞቱት ፍየሎች አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ በሁለት እንጨት ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጽሑፉ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ባለው ሰው የተጻፈ ነው፤ "ማስጠንቀቂያ። ጥጡ ላይ መርዝ ተረጭቷል። እስከ ሦስት ቀን ሰውም ከብትም ከዚህ ቦይ እንዳይጠጣ" ይላል። ጉልላት አነበበውና ፊቱን አዞረ።

የሰሌዳውን ነገር የሰማው ገና ዛሬ ጠዋት፣ ከአዋሽ ሰባት ሲመጡ በመንገድ ላይ ነበር። ጋቢና ውስጥ በእሱና በሾፌሩ መካከል ከአውራጃው የመጡት ተቆጣጣሪ አቶ ተክለ ማርያም ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው የመጡት የበጎ ፈቃድ ትምህርቱን፣ በሪፖርት "አርአያ" ተብሎ የተመሰገነውን፣ በዓይናቸው ለማየት ነው። ሾፌሩ እንግዳውን ለማስደሰት ብሎ አጫወታቸው። ዱሮ አውሮፕላኑ ጥጡን በረጨ ቁጥር አማን የሚባል ሽማግሌ ቦዩን ተከትሎ እየሄደ በአፋርኛ ይጮህ ነበር። ድምፁን የማያውቅ እረኛ የለም፤ ሲሰሙት ከብቱን ወደ ላይ ወደ ወንዙ ይነዱ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ቀረ። የአገሩ ሰው ማንበብ ችሏል የሚል ደብዳቤ ለእርሻው ቢሮ ስለ ደረሰ በጩኸት ፈንታ ሰሌዳ ተተካ፤ አማንም የመጋዘን ዘበኛ ሆነ።

"ዕድሜ ለመምህሩ" አለ ሾፌሩ።

አቶ ተክለ ማርያም የጉልላትን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ጉልላት ደብዳቤው ከእሱ ሪፖርት እንደ ተወሰደ ገባው፤ ቢሆንም ፈገግ አለ። አሁን በቦዩ ዳር ቆሞ ከሁሉም የሚከነክነው ያች ፈገግታ ነበረች።

ሪፖርቱን የጻፈው ሰኔ ላይ ነው። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ የተመዘገቡ፣ የሚከታተሉ፣ ማንበብ የቻሉ። በሚያዝያ እውነቱን ጽፎ ነበር፤ ማንበብ የቻሉ፣ ስድስት። ቅጹ በቀይ ቀለም "እድገት አይታይም" ተብሎ ተመለሰለት። በስብሰባም ላይ የሌላ ከተማ አስተማሪ ሃምሳ ሰው አስነበብኩ ብሎ ሲጨበጨብለት፣ ጉልላት ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በሰኔ ከተመዘገቡት አርባ አራት ሰዎች ሦስቱን ብቻ ቀንሶ አርባ አንድ ብሎ ሞላ። ትንሽ ቢበረቱ ይደርሱበታል ሲል ራሱን አጽናና። ለአርባ አንዱም ማኅተም ያለበት ወረቀት አደላቸው። ሀምዳ ወረቀቷን አጣጥፋ ሽርጧ ጫፍ ላይ ስትቋጥር አይቶ በዚያን ቀን ልቡ ሞልቶ ነበር።

ፍየሏ መንቀጥቀጧን አቆመች። ሀምዳ እጇን ከአንገቷ ላይ አነሳች።

"ሰሌዳውን አላየሽውም?" ብሎ ጠየቃት ጉልላት፤ ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ምነው በቀረብኝ አለ።

"አየሁት" አለች ሀምዳ። አማርኛዋ ቁርጥርጥ ያለ ቢሆንም ጥርት ያለ ነበር። "ማለዳ መጣሁ። ቆምኩ። 'መ'ን አየሁ፤ 'ሰ'ን አየሁ። ሌላውን አላውቅም።"

"ታዲያ ሰው ብትጠይቂ…"

"አንተ ማንበብ ችለሻል ብለህ ወረቀት ሰጠኸኝ። ሰው ሁሉ አየ። አሁን ሄጄ ይህ ምን ይላል ልበል? አፈርኩ።" የሞተችውን ፍየል በእጇ ዳሰሰች። "ፍየሎቹ ጠማቸው።"

ጉልላት ፀሐይ ማጅራቱን ስትጠብሰው ይሰማዋል፤ ጆሮው ግን በሌላ ሙቀት ነበር የጋለው። ማፈር የነበረበት እሱ ነው፤ ሰኔ ላይ፣ ብዕሩን እንደ ያዘ። የእሱን እፍረት ይህች ሴት ተሸክማለት ኖሯል፤ የልጇን ጤናም ፍየሎቿንም ከፍላበታለች። ኡምሰልማ አላየችውም፤ መሬት መሬት ታያለች። እሷም ቁጥሩን ታውቅ ነበር። በሰኔ፣ "መምህር፣ ይሄ አልበዛም?" ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃው በሳቅ አልፏት ነበር።

አቶ ተክለ ማርያም እጁን ይዘው ወደ መኪናው ጀርባ ወሰዱት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ ድምፃቸው የአባት ነበር።

"ስንት ናቸው በውነቱ?"

"ስድስት።"

"ሪፖርትህን እኮ በጉባኤ ያነበብኩት እኔ ነኝ" አሉ አቶ ተክለ ማርያም። ከዚያ ወደ ኋላቸው ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማኝ። እነዚህ ሰዎች ከብት ተከትለው ነው የሚኖሩት። በሚቀጥለው ወር፣ ሠላሳ አምስቱ ከመንጋቸው ጋር ወደ ሌላ ስፍራ ሄደዋል ብለህ ጻፍ። የሚጠይቅህ የለም። እኔም ክፍሉ ዛሬ ዝግ ነበር እላለሁ። አንተ ወጣት ነህ፤ ሥራህ እንዳይበላሽ።"

ነገሩ እንዴት ቀላል እንደ ነበር ጉልላት ወዲያው ታየው። እውነትም ማንም አይጠይቅም። አማን መጋዘኑን ይጠብቃል፣ ሰሌዳውም እንደ ተሰቀለ ይኖራል።

"ሪፖርቱ ይዘውታል?" አለ።

"ለምን?"

"እባክዎ ይስጡኝ።"

አቶ ተክለ ማርያም ከቦርሳቸው አውጥተው እያመነቱ ሰጡት። ጉልላት ወረቀቱን ከመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋ፤ ብረቱ ግሎ እጁን ፈጀው። አርባ አንድን ሰርዞ ስድስት ብሎ ጻፈ። ከሥሩም፣ የቀድሞው ቁጥር ሐሰት መሆኑንና ሐሰቱን የጻፈው እሱ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት የሀምዳ ልጅ መመረዟንና ፍየሎቿ ማለቃቸውን አከለበት። ፈረመ።

"ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ ያሳዩልኝ። የአማንን ጩኸት የሚመልስ እሱ ነው" አለ። "ነገ እኔም ቀርቤ በአፌ እነግረዋለሁ።"

"ነገ? አሁን አብረን አንመለስም?"

ጉልላት በቦዩ ቁልቁል እያየ ነበር። ከግራሩ ማዶ የመንጋ አቧራ ተነስቷል፤ የማን እንደ ሆነ አይለይም። ኡምሰልማም አይታው ኖሮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። እሷ ለማስጠንቀቅ ወደ ላይኛው መንደር እንደምትሄድ፣ በታችኛው በኩል ግን የሚሄድ ሰው እንደሌለ ነገረችው። ሀምዳ ወደ ልጇ መድረስ አለባት።

እሱ ሄዶ ሀምዳ ፊት ቁጢጥ አለ። ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር፤ ቃሉ ግን ከተዘረሩት ፍየሎች አጠገብ ቀለለበት።

"ውሃው መርዝ ነው፣ አትጠጡ… በአፋርኛ እንዴት ይባላል?" አላት።

ትኩር ብላ አየችው። አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ሲመላለስ ውሃ "ሌ" መባሉን እንኳ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ቀስ ብላ ነገረችው። ተከትሎ አለ። ራሷን ነቀነቀችና ደግማ አለችው፤ እሱም ደገመ፤ አሁንም ተሳስቷል። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። በአራተኛው፣ "ይሰማል" አለችው፤ ተነሥታም ወደ ክሊኒኩ መንገድ ጀመረች።

ጉልላት ጫማውን አጠበቀና ወደ አቧራው አቅጣጫ ቦዩን ተከትሎ መሮጥ ያዘ። እየጮኸ ነበር የሚሮጠው።