ከበሮው ይጾማል

ታዲዎስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ግን ነው። ካዛንቺስ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሙዚቃ ያስተምራል። ተማሪ ፊት አንበሳ ነው፤ ወላጅ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ያን ሳምንት ይኸው ፍርሃቱ ጉድ ሊሠራው ነበር።

የትምህርት ቤቶች የከበሮ ቡድኖች የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ቅዳሜ ነው። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ደግሞ ቁርጡን ነግረውታል፤ «ይኼ ቡድን መድረክ ላይ ወጥቶ ካላሳየኝ የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ እሰጠዋለሁ። በቃ!» ማክሰኞ ጠዋት ሉሊ መጣችና አንገቷን ደፍታ፣ «ቲቸር፣ አባዬ በሁዳዴ ከበሮ አትመቺም ብሎኛል። ከበሮውንም እስከ ፋሲካ ቆልፎበታል» አለችው።

ወይ ጣጣ! ሉሊ ትልቁን ከበሮ የምትመታ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። አታሞ የያዙትም የሚያጨበጭቡትም ሁሉ እሷን ሰምተው ነው የሚሄዱት፤ እሷ ከሌለች ቡድን የለም። ደግሞስ ምን ብሎ ይከራከራል? በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሮ እንደማይመታ፣ በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም ታዲዎስም ያውቃል፤ ደብር ውስጥ ነው ያደገው። አባቷ አቶ ገብረአምላክ ደግሞ፣ የቢሮ ሰው ቢሆኑም፣ ጾም ሲገባ ውሃ እንኳ ሰዓት ጠብቀው ነው የሚጠጡት ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይደፍራል? «ሃይማኖት ነው፤ ምን ይባላል» ብሎ ተወው።

አታሞ ከያዙት አንዱን፣ ዮአብን፣ በትንሹ ከበሮ ሞከረው። ዮአብ ደህና ልጅ ነው፤ ከበሮ ሲይዝ ግን ውሻ ያባረረው ይመስል ይሮጣል። ሌሎቹ ሊደርሱበት ሲንጫጩ መጨረሻ ላይ ሁሉም በየፊናው ይሆናል። ረቡዕም ያው። «ቲቸር፣ በቃ ፎርፌ እንስጥ» አለ ዮአብ ራሱ። ሉሊ ከመስኮቱ ውጭ ቆማ ታያቸዋለች፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ታዲዎስ ይኼን አይቶ መቻል አቃተው።

ከሥራ እንደወጣ ብርቱካን ገዝቶ ቡልጋሪያ ሰፈር እነሉሊ ቤት ሄደ።

«ኧረ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ!» አሉ አቶ ገብረአምላክ።

ታዲዎስ ወንበሩ ላይ በደንብ ሳይቀመጥ ጀመረ። ከበሮው ለዘፈን ሳይሆን ለትምህርት መሆኑን፣ ልጆቹ ስንት ወር ሲለፉ እንደከረሙ፣ ኃጢአት ነው ከተባለም ንስሐውን እሱ ራሱ እንደሚገባላት ሳይቀር ለፈለፈ። አቶ ገብረአምላክ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማነው የከለከላት?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ? ኧረ በስመ አብ! የሚያርፈው እኮ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ነው። የትምህርት ቤቱ ከበሮ የንስሐ አባት አለው እንዴ?» ወደ ጓዳ ዞሩ። «ሉሊ! ነይ እስቲ!»

ሉሊ በሩ ላይ ብቅ ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ተመልሳ ገባችና ከአልጋዋ ሥር ትልቁን ከበሮ እየጎተተች አወጣችው። ሰፊው ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል።

ቆዳው ላልቶ ስለነበር፣ እሑድ ፀሐይ ላይ እንድታውለው የሰጣት ታዲዎስ ነው። ቀኑ ደመና ሆነባት። ቶሎ እንዲወጠርላት ብላ ምድጃው አጠገብ አስጠግታው ዞር ስትል፣ ቆዳው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ብናገር ከበሮውን ለሌላ ልጅ ይሰጡብኛል ብዬ ነው» አለች እያለቀሰች። «ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ማለቴ... እሱ ከሥሬ ሆኖ እንዴት ልተኛ?»

«በእኔ ስም ውሸት? ያውም በጾም?» አቶ ገብረአምላክ ፊታቸው ጠቆረ።

ታዲዎስ ግን ሳቁ አመለጠው። ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ሁሉ አብሮ ወጣለት። «እፎይ! ቆዳ ነው እንዴ? ሉሊዬ፣ ቆዳ ብቻ ነው? እኔ እኮ አንቺን ያጣሁ መስሎኝ ነበር!»

ሉሊ ይኼን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት። አባቷ ለውሸቷ ስግደት አዘዙላት፤ ወዲያው ደግሞ ብርቱካን ልጠው ሰጧት።

ሐሙስ ጠዋት ታዲዎስ ከበሮውን ተሸክሞ እዚያው ሰፈሩ ቄራ ወጣ። በጾሙ ምክንያት ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ከበሮ የምትጠፍረው ዙለይካ ግን ቆዳ አላለቀባትም፤ «ትኩስማ መች ይደርስልሃል! የደረቀ አለኝ፣ እሱን ዘፍዝፌ እወጥርልሃለሁ» አለችው። የሁዳዴ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ዓርብ ከሰዓት ሉሊ አዲሱን ቆዳ ስትመታው ልጆቹ ጮኹ፤ ዮአብማ ከሁሉም በላይ ጮኸ። አታሞውን መልሶ ሲይዝ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ አይወራም።

ቅዳሜ ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት ይበልጡ ነበር፤ መቼም እውነቱ ይነገር። ወይዘሮ ጽጌሬዳ እጃቸው እስኪቀላ አጨብጭበው ሲያበቁ፣ «ለሒሳቡ ሌላ ሰዓት ይፈለግለታል» አሉት። ታዲዎስ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

ታዲዎስና ሉሊ፣ ውድድሩን ሊያዩ ከመጡት ከአቶ ገብረአምላክ ጋር፣ ወደ ቄራ በሚሄደው ታክሲ ተሳፈሩ፤ አባትና ልጅ ቡልጋሪያ ሊወርዱ፣ ታዲዎስ እስከ ሰፈሩ እስከ ቄራ ሊሄድ። ሉሊ መሃላቸው ናት። ታክሲው ገና ሳይነሳ አባቷ ትከሻ ላይ ወደቀች፤ የሰሞኑ እንቅልፍ ሁሉ ተጠራቅሞ መጣባት። «ቡልጋሪያ ወራጅ አለ?» ብሎ ረዳቱ ጆሮዋ ሥር ሲጮህ እንኳ አልሰማችም።

ታዲዎስ ሊቀሰቅሳት እጁን ሲዘረጋ አቶ ገብረአምላክ ያዙት።

«ይተዋት፣ ትተኛ» አሉ ቀስ ብለው። «ቄራ ደርሰን እንመለሳለን።»