መምህርን መግፋት

ጋሽ ወልደጻድቅ አሰላ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ደጃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ትንሳኤ «አንዴ ከደገመህ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለች። እሳቸው ደግሞ ልጅ ቤት ገብተው ቴሌቪዥን ሲጠብቁ ከመዋል ሞት ይሻላቸዋል።

ስለዚህ ጎረቤት «ካረጁ አይበጁ» ብሎ ቢያማቸውም ታይቺ ጀመሩ። የስፖርት መምህርቷ ከዲጃ ቻይና ለትምህርት ሄዳ የቀሰመችውን ይህን ሚዛን መጠበቅ የሚያለማምድ የዝግታ ትግል ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ታስተምራለች። «ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ ይበሉ አባባ» ትላቸዋለች። ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ሲያጣድፉ የኖሩ ሰው፣ ቀስ ማለት የት ያውቁና!

በሦስተኛው ወር ግን ጎበዙ። በተለይ ክንድ ለክንድ ተነካክተው ሲገፋፉ ተጋጣሚያቸው አልቻላቸውም። ተጋጣሚያቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ፍሰሐ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ በሬ የሚያህል ሰው። ገና ሲነኩት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይሄዳል። ሽማግሌው በልባቸው «ለካ አለሁ» አሉ።

አንድ ቅዳሜ የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ቀና ቢሉ፣ ፍሰሐ ከወፍጮ ቤቱ ሁሴኖ ጋር ተጋጥሞ አዩት። ሁሴኖ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎረምሳ ነው፤ ፍሰሐን ግን ንቅንቅ ማድረግ አቃተው። ጋሽ ወልደጻድቅ ነገሩ ገባቸው። ሦስት ወር ሙሉ በክብር ሲታለሉ ኖረዋል። መጀመሪያ አፈሩ፤ ቀጥሎ ተናደዱ።

«ና፣ የምርህን ግፋኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዴት አስተማሪዬን እገፋለሁ?»

«አስተማሪህ ነኝና ታዘዝ።»

ፍሰሐ ዓይኑን ጨፍኖ ገፋ። ጋሽ ወልደጻድቅ ጤዛው ላይ በቂጣቸው ዘጭ አሉ። ሊያነሳቸው ሲሮጥ «ተወኝ» አሉት። ተንበርክከው፣ ትንሽ ተንፍሰው፣ በራሳቸው ተነሱ።

«ድገመኝ።»

አራት ጊዜ ወደቁ። በአምስተኛው ተንገዳገዱ እንጂ ሳይወድቁ ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ትንሳኤ ደወለች። «አባዬ፣ ሰሞኑን ወድቀሃል እንዴ?»

መዋሸት ፈለጉ፤ አንደበታቸው እንቢ አለ። «ዛሬ አራት ጊዜ።»

«ነገ እመጣለሁ» አለች ልጅቷ።

«ነይ» አሉ። «ሻንጣዬን ከማንሳትሽ በፊት ግን እኔን ትገፊኛለሽ።»