ገና ያልተጫነ ፒስታቺዮ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሐጅ ዘንሁም የትራንዚተሩን ቢሮ ደረጃ ሲወጣ፣ የቢሮው ሠራተኛ መተወሊ ከእግሩ ኮቴ በፊት ሳሉን ለየው። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሳል ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሐጁ የደረቀ ፍራፍሬና የሚቆረጠም ነገር አስመጪ ነው፤ እስክንድርያ በረመዳን ከምታላምጠው ግማሹ በእሱ መጋዘን ያልፋል። ከስምንት ዓመት በፊት መተወሊን ለኢፍጣር ቤቱ ጠራው። መተወሊም ግራጫ ሱፉን አስተኩሶ፣ አንድ ኪሎ ባስቡሳ ጣፋጭ አስጠቅልሎ ሄደ። በር ላይ የቆመው የሐጁ ሰው ግን ወደ ደረጃው አላሳለፈውም፤ ለአላፊ አግዳሚ መንገድ ላይ ወደተዘረጋው የጾመኛ ማዕድ መራው። በግራው ጋሪ ነጂ፣ በቀኙ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ። ከላይ ከሰገነቱ የሐጁና የእንግዶቹ ሳቅ ይወርዳል። ባስቡሳውን ግን እጅ ነስተው ተቀበሉት። ባስቡሳው ወደ ላይ ወጣ፣ መተወሊ ታች ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሐጁ ወረቀቱን በሰው እየላከ ያስጨርስ ነበር። ዛሬ ግን ራሱ መጣ። ሕጉ ጎትቶ አመጣው።

በድሮው ጊዜ ነጋዴ ዕቃውን ያስጭናል፤ መርከቡ ወደብ ሲገባ ወረቀቱን ታቅፎ ይመጣል፤ ምን እንዳስመጣ የሚናገረው ያኔ ነው። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ዕቃው ገና መርከብ ሳይነካ፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚመዝን፣ ከማን እንደተገዛ ለጉምሩክ በኮምፒውተር ይነገራል። ጉምሩክ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ጭነት ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ መርከቡ አይጭንም፤ ተሳስቶ ቢጭን እንኳ ዕቃው በመጣበት ይመለሳል። ቁጥሩን የሚያስወጣው ደግሞ አስመጪው ለቢሮው በውክልና ያስያዘው ቁልፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጎን የምትሰካ፣ የጣት ግማሽ የምታህል ነገር። ይህ ሕግ ሲመጣ የቢሮው ባለቤት ዲፕሎማ ያላቸውን ሁለቱን ለሥልጠና ላካቸው። አንዱ ሠልጥኖ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ሄደ፤ ሌላው ሠልጥኖ ተቀናቃኝ ቢሮ ከፈተ። ከስድስተኛ ክፍል የቀረው መተወሊ ነው የቀረው። ፊደል ሲቆጥር ቀስ ይላል እንጂ፣ ቅጹ ላይ የትኛው ሳጥን የት እንዳለ የገዛ ቤቱን በጨለማ እንደሚያውቅ ሰው በቃሉ ያውቃል። ቁልፏን ከቤቱ ቁልፍ ጋር በአንድ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏታል።

“አሰላሙ አለይኩም፣” አለ ሐጁ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ።

“ወአለይኩሙ ሰላም ያ ሐጅ። ቤታችንን አበሩት። ይቀመጡ፤ እዚያ አይደለም፣ እዚህ።”

እዚህ ያለው፣ አንድ እግሩ የሚያጥረውን ወንበር ነው። ማዶ ጠረጴዛ ላይ ሲት እስማት፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ ብስኩቷን ሻይ ውስጥ ነክራ ቀና አለች። ያቺ ወንበር ለማን እንደምትቀርብ ከሃያ ዓመት የሥራ ጓደኝነት ታውቃለች።

“ቱርክ፣ መርሲን ወደብ ያለው ወኪል እስከ ስምንት ሰዓት ቁጥሩ ካልደረሰኝ የጭነት ዝርዝሩን እዘጋለሁ ብሏል፣” አለ ሐጁ፣ ወንበሩ ላይ እየተንገዳገደ። “የሚቀጥለው መርከብ ረመዳን ከገባ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከሠርግ በኋላ የመጣ ከበሮ ምን ይሠራልኛል? ቶሎ በልልኝ።”

“ገና አምስት ሰዓቱ ነው። ምን ሊጭኑ ነው?”

ሐጁ በሩን አየ፤ መስኮቱን አየ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ “ኦቾሎኒ” ሲል አንሾካሾከ።

“ጮክ ይበሉ። መንግሥት ጆሮው ሩቅ ነው።”

“ኦቾሎኒ አልኩህ!”

በሐጁ የንግድ ሰፈር ማንም ሰው የገዛውን ነገር በገዛ ቁልፉ ሳይቆልፍበት በስሙ አይጠራውም። መርከብ ሙሉ የገዛ ሰው “ምን አስመጣህ?” ቢሉት “ትንሽ ገለባ” ይላል። የሰው ዓይን በመንገድ ላይ ያለን ዕቃ ይበላልና። ስለዚህ ይህ አዲስ ሕግ ለሐጅ ዘንሁም ገበያ መሀል ልብስህን አውልቅ እንደመባል ነበር። መተወሊ ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ጣፈጠው።

መተወሊ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶ ጥቂት ሳጥን ሞላ። ሐጁ መነጽሩን ረስቶ መምጣቱን፣ ስክሪኑም ወደ እሱ እንዳልዞረ አስተዋለ። ያኔ ነው ሰይጣኑ ጆሮው ሥር የተቀመጠው።

“ቀጣዩ ጥያቄ፣” አለ ፊቱን አኮሳትሮ። “አስመጪው ጠርቶት ከበር የመለሰው እንግዳ አለ ወይ?”

“ምን?”

“እንዲህ ነው የሚለው።”

“መንግሥትን ይኼ ምን አገባው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ ያ ሐጅ፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ። የአስመጪውን ጠባይ እያጣራ ይሆናል። ‘የለም’ ልበልና በኋላ ሐሰት ሆኖ ይገኝ?”

ብስኩቱ ሲት እስማትን ትን አላት። ሐጁ ላቡን ጠረገ። ባለፈው ወር የአያቱን ስም የጠየቀ መንግሥት ይህንንም ቢጠይቅ አይገርመውም።

“እሺ... የሚስቴ ወንድም። ሁለት ጊዜ።”

“ሁለት ጊዜ፣” አለ መተወሊ፣ ጣቶቹ ባዶ ጠረጴዛ እየደበደቡ። “ሌላ?”

“ያ ፍየሉ በረንዳዬ ላይ የወጣችብኝ ጎረቤት።”

“ሌላስ?”

“የድሮ ሸሪኬ። እሱ ግን ይገባዋል፣ ይገባዋል ብለህ ጻፍ!”

“ለይገባዋል ቦታ የለውም። ሌላ?”

“በቃ!”

“ያስቡ እንጂ። ግራጫ ሱፍ የለበሰ?”

“የሱፉንም ቀለም ይጠይቃል?”

“ኮከብ አለበት። ኮከብ ካለበት ግዴታ ነው።”

ሐጁ ቀና አለ። ዓይኑ ከመተወሊ ፊት ወደ ግራጫ ኮቱ ወረደ፤ ከኮቱ ወደ ፊቱ ተመለሰ። ወንበሩ ቂው አለ።

“አንተ ነህ፣” አለ ቀስ ብሎ። “ያ አላህ! ስምንት ዓመት?”

“በመጪው ረመዳን ዘጠኝ ይገባል።”

“ቂም ይዘህ ነው እንዴ ስትሰግድ የኖርከው?”

“እርስዎስ ባስቡሳዬን በልተው ነው እንዴ?”

መተወሊ ሐጁ ይቆጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሐጁ ግን አልተቆጣም፤ ይልቁንስ አፍሮ፣ ጺሙን እያሻሸ ወለል ወለሉን አየ።

“ንቄህ አይደለም፣” አለ። “ያን ቀን ከላይ ቤት ገበታ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ፒስታቺዮ ነበር። ቀሪው ገና ባሕር ላይ ነበር። ዓይንህን ፈርቼ ነው።”

“ዓይኔን?”

“አትቆጣ። ያንን የቴምር ኮንቴይነር ሲከፈት አይተህ ‘እንዴት ያለ ውብ ቴምር ነው!’ ብለህ፣ የዓይን ማክሸፊያዋን ማሻአላህ ሳትል ዞር አልክ። በማግስቱ ትል ወጣበት።”

“ነሐሴ ነበር! በነሐሴ ፀሐይ አሥራ አንድ ቀን የቆመ ቴምር ነው!”

“የአብዱልታዋብን አዲስ የጭነት መኪናስ? ‘ጎማው እንዴት ያምራል’ ብለህ ባመሰገንክ በሰዓት ውስጥ ጎማው ወልቆ ባሕር ገባ። ወደቡ ሁሉ ያውቃል እኮ። አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው።”

መተወሊ ወደ ሲት እስማት ዞረ። “እብድ ነው አይደል? ንገሪው እንጂ።”

ሲት እስማት የሻይዋን ብርጭቆ አማሰለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

“ልጄ የወለደች ጊዜ...” አለች በመጨረሻ፣ “የሕፃኑን ፎቶ ያላሳየሁህ... ስልኬ ተበላሽቶ አልነበረም ያ መተወሊ።”

መተወሊ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መጋዘን በገባ ቁጥር ሰዎች ሳጥኖቻቸው ላይ ሸራ ሲጥሉ አይቷል። የጉምሩክ ሰው መስዬአቸው ነው፣ አክብረውኝ ነው ሲል ኖሯል። አሁን ሸራው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ወደቀ። የተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ‘አፍጥጦ ማየት ያበዛል’ ይሉት ነበር። ያልተማረ ሲያፈጥ ዓይኑ ክፉ ነው።

“አሁን እነዚያን ጥያቄዎች ሰርዝና ቁጥሬን ስጠኝ፣” አለ ሐጁ።

“የሻጩን ደረሰኝ ያምጡ። ያለሱ አይሄድም።”

ሐጁ ብብቱ ሥር የያዘውን ፋይል ጠበቅ አደረገው። “እኔ ላንብብልህ።”

“ያለ መነጽር?”

መተወሊ ተነሥቶ ፋይሉን ሳብ አደረገው። ወረቀቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ ራስጌው ላይ ግን ሥዕል አለ። አፏን ከፈት ያደረገች፣ ሆዷ አረንጓዴ የሆነ ፍሬ። መሃይምም ያነባታል።

“ይኼ ኦቾሎኒ ነው?”

“ያው... የኦቾሎኒ ዘመድ ነው።”

“ያ ሐጅ!”

“ሲደርስ እናስተካክለው ነበር! እንደ ድሮው! ቀረጡን እንደሆነ እስከ መጨረሻዋ እከፍላለሁ፣ ሌባ አይደለሁም። ብቻ አንተ ዘንድ ስሙን መጥራት...”

“ሲደርስ የሚባል ነገር ቀርቷል እኮ። ቃሉ ኦቾሎኒ፣ ሰነዱ ፒስታቺዮ ከሆነ፣ ዕቃው ገና ሳይራገፍ ወደ መርሲን ይመለሳል። አሥራ ሁለት ቶን።”

“ቁጥሩን ጮክ ብለህ አትጥራ!”

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መተወሊ ወንበሩ ላይ ተደገፈና አሰበ። ምንም ክፉ ነገር መሥራት አይጠበቅበትም። ሻይ ቢያዝ፣ ሻዩን ቀስ ብሎ ቢጠጣ፣ ለሶላት ቢነሣ በቃ፤ ስምንት ሰዓት በራሱ እግር ይመጣል። የስምንት ዓመት ቂም በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይወራረዳል። እጁን ወደ ሲት እስማት ማንቆርቆሪያ ዘረጋ።

ግማሽ መንገድ ላይ እጁ ቆመ። ነገ ገበያው ምን ይላል? መተወሊ አረፈደብን አይልም። ‘መተወሊ ወረቀቱን አየውና ፒስታቺዮው መርሲን ቀረ’ ነው የሚለው። ከቴምሩና ከጎማው ቀጥሎ ሦስተኛ ምስክር! ይህ ፒስታቺዮ ከተሰናከለ እስከ ዕለተ ሞቱ ሸራ ሲጣልበት ይኖራል። በዚህ ከተማ ውስጥ ከሐጁ ይልቅ ለዚህ ፒስታቺዮ የሚጨነቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ሆነ።

“ሰርዤ እንደ አዲስ ልጻፈው፣” ብሎ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰ። ‘ሰርዝ’ የሚለውን ሲነካው ስክሪኑ ነጣ።

“ምን ሆነ?” አለ ሐጁ።

“ሲስተም የለም።”

“አየኸው! አየኸው ዓይንህን!”

“ዓይኔ አይደለም፣ ኔትወርኩ ነው!” ጮኸ መተወሊ። ቁልፏን ነቀለ፣ በኮቱ ጫፍ ጠረጋት፣ መልሶ ሰካት። ሲት እስማት ስልክ ላይ ሆና ወደብ ያለችውን ወዳጇን ትለምናለች። ሐጁ ከንፈሩ ሳይቆም ቁርኣን ይቀራል። ሰባት ሰዓት ተኩል። ሰባት ከአርባ። እዚያ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ቀን ሦስት ሰው ባንድ ልብ ለምኖ አያውቅም።

ሰባት ከአርባ ሁለት ላይ ስክሪኑ ተመለሰ።

“ፍጠን!” አለ ሐጁ። “ግን አትየው።”

“ሳላይ እንዴት ልጻፍ?”

“ዓይንህን ጨፍን።”

“ዓይኔን ጨፍኜ ብጽፍ አሥራ ሁለት ቶን አህያ ነው የሚመጣልዎት!”

በመጨረሻ ተስማሙ። ሲት እስማት ወረቀቱን ከጀርባው ሆና ታነባለች፤ ሐጁ ጃኬቱን አውልቆ፣ በሁለት እጁ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ፣ በወረቀቱና በመተወሊ መካከል ይቆማል። መተወሊ ከቁልፎቹ ዓይኑን አያነሣም።

“ፒስታቺዮ፣ ከነቅርፊቱ፣” አነበበች ሲት እስማት።

“ማሻአላህ፣” አለ ሐጁ ከጃኬቱ በላይ።

“አንደኛ ደረጃ።”

“ማሻአላህ!”

“አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ።”

“ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! አንቺ ዝቅ አድርገሽ አንብቢው!”

ለስምንት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ቁጥሩ ወጣ። ሲት እስማት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ወደ መርሲን ላከችው። መልሱ አልዘገየም፤ ተቀብለናል፣ ሐሙስ ይጫናል። ሐጁ ጃኬቱን ጣለና እግሯ የምታጥረው ወንበር ላይ ተዘረጋ። ቀለሙ ሲመለስ ቁልጭ ቁልጭ እያለ መተወሊን ጠበቀ።

“በል እንግዲህ።”

“ምን ልበል?”

“ታውቃለህ። አንዴ በላትና ልሂድ።”

“ኧረ አላውቅም።” መተወሊ ደረሰኙን ከሲት እስማት እጅ ተቀበለ። ክንዱን ዘርግቶ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ያቺን አፏን የከፈተች ፍሬ አንድ ጊዜ በደንብ አያት። “አቤት!” አለ። “አቤት አረንጓዴነቱ!”

ሐጁ ጆሮውን ቀሰረ።

“መተወሊ...”

“አቤት።”

“የቀረውን።”

“የቀረውን ቅጹ ላይ ፈለግሁት። ቦታ የለውም።”

ሐጅ ዘንሁም ወረቀቱን ነጥቆ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እየቀራና እየሳለ ደረጃውን ወረደ። መርከቡ እሑድ እስኪገባ እንቅልፍ እንደማይወስደው ጀርባው ይናገር ነበር።

“አንተ ጨካኝ፣” አለች ሲት እስማት። ግን እየሳቀች ነበር። ሳቋን ስትጨርስ ብርጭቆዋን ይዛ ልታጥብ ወጣች።

መተወሊ ብቻውን ቀረ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ከክሬኖቹ ወዲያ ባሕሩ ከሰሜን በኩል መሸብሸብ ጀምሯል። በሩ መዘጋቱን አረጋገጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ መርሲን አቅጣጫ፣ “ማሻአላህ” አለ።

ማዕበሉን ትንሽ አየው። ሁለት ጨመረ።