ማልቀስ ይፈቀዳል?

ፅጌረዳ ኦክላንድ ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ባለፈው ጥቅምት ኤጀንሲዋ ሳን ሆዜ ላካት። ወረቀቱ ላይ አስካለ የሚል ስም ብታይም አስካለ የሚባል ስንቱ ነው ብላ አለፈችው። ብሩክታዊት የምትባል ነርስ ልጃቸው በሩን ከፍታ፣ «እማዬ ሜሞሪዋ ደክሟል እንጂ አታስቸግርም። አማርኛ የሚያዋራት ሰው ነው የፈለግኩላት» አለቻትና ወደ ሥራዋ ሮጠች።

አሮጊቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ ሰላም ስትላቸው ቀና አሉ። ግራ ቅንድባቸውን ለሁለት የከፈለውን ጠባሳ ስታይ አወቀቻቸው። እትዬ አስካለ! በልጅነቷ የቀበሌያቸው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩት።

በ1970 ዓ.ም. ፅጌረዳ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ታላቅ እህቷ የሺመቤት በቀይ ሽብር ተገደለች። በማግስቱ እትዬ አስካለ ቤታቸው መጥተው እናቷን፣ «ለአናርኪስት ማልቀስ ክልክል ነው። ከሰዓት ስብሰባ አለ፤ እልል ካላልሽ ትንሿንም ይወስዷታል» አሏት። እናቷ ሄደች፤ እልልም አለች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ የሺመቤትን በስሟ አልጠራችም። ያ ንግግር ማስፈራራት ይሁን ማስጠንቀቅ ፅጌረዳ እስካሁን አልለየላትም።

«እትዬ አስካለ፣ አወቁኝ?»

አሮጊቷ ፊቷን አላዩም። ዓይናቸው አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው የኤጀንሲው ባጅ ላይ ተተከለ። ተነስተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጓድ፣ ሁሉም እልል ብለዋል። አንዲትም ያለቀሰች የለች። እኔም አላለቀስኩም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁንስ ማልቀስ ይፈቀዳል?» አሉ።

ፅጌረዳ ይችን ሴት ባገኛት እያለች ስንት ቃል ስታዘጋጅ ኖራለች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አይፈቀድም!»

እትዬ አስካለ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው አፋቸውን አፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለም። ፅጌረዳ በራሷ ደነገጠች። ባጁን በጥሳ ኪሷ ከተተችና አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ያልቅሱ እትዬ፣ ተፈቅዷል። በሞቴ ያልቅሱ!»

«አላለቅስም» አሉ እትዬ አስካለ፣ በፈራ ዓይን እያዩዋት። «ልትፈትኑኝ ነው።»

ብሩክታዊት ስትመለስ ፅጌረዳ፣ «እናትሽ ልጅ ሞቶባቸው ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኖ፣ ብቸኛ ልጅ ነኝ። ምነው፣ አለቀሰች እንዴ?»

«አላለቀሱም።»

ታዲያ ማልቀስ የፈለጉት ለማን ነበር? ለየሺመቤት? ለእናቷ? ወይስ ለራሳቸው? ፅጌረዳ ወደ ኦክላንድ ስትመለስ ከአውራ ጎዳናው መውጫዋን ስታ ቀጣዩ ከተማ ኤመሪቪል ደረሰች።

ሰኞ ኤጀንሲው ጋ ደውላ ሌላ ሰው ይላክ አለች። ረቡዕ መልሳ ደወለች፤ ራሷ እንደምትሄድ ተናገረች። አስተባባሪዋ ግራ ገብቷት፣ «ምን ተገኘ?» ብትላት፣

«እኔም አላወቅኩትም» አለች ፅጌረዳ። «ግን ባጅ ሳላደርግ ነው የምገባው።»