የተጠረገው ግማሽ

ጣቴ ከመሐለኛው ዙር ከወጣ በኋላ የሚታጠፈው ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ?

የኤልሲ መልእክት የደረሰኝ በፈረንጆች 2022 መጀመሪያ ላይ ነው። ግሮቭፖርት ካለው መጋዘን ሺፍቴን ጨርሼ ወጥቼ የመኪናዬ መስታወት ላይ የተጋገረውን በረዶ እፍቅ ነበር። ኤልሲ ያለችው በቫኑዋቱ ደሴቶች በአንዷ ነው። እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ያስጠጉኝ እሷና አያቷ ናቸው።

“ቡቡ ታመዋል” ትላለች። በእነሱ አገር ቡቡ ማለት አያት ማለት ነው። “ቀኝ እጃቸው በድን ሆኗል። መንገዱን በግራቸው እስከ መሐሉ ይሥሉና ይቆማሉ። ቀሪው ጠፍቶባቸዋል። ያ ከሩቅ የመጣው ልጅ ይዞታል ይላሉ። ሥለህ በቪዲዮ ላክልን። ሳይረፍድ።”

እሺ ብዬ መለስኩላት። መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጭኔ ላይ በጣቴ ሞከርኩት። መሐሉ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

በዚያ ደሴት ሰዎች አሸዋ ላይ ይሥላሉ። ሌባ ጣታቸውን አሸዋው ላይ ያሳርፉና ታሪኩን እየተናገሩ፣ ጣታቸውን ሳያነሡ፣ መስመሩ ከተነሣበት እስኪመለስ ድረስ ይሄዳሉ። ኤሊ ይሆናል፣ የዳቦ ዛፍ ይሆናል፣ የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ይሆናል። ሲያልቅ በመዳፋቸው ይጠርጉታል። እኔም ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምመረቅበትን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። “ሕያው ቅርስ” የሚል ርዕስ ሰጥቼው ነበር። ኮሮና መጥቶ ደሴቶቹ በራቸውን ሲዘጉ ከመጨረሻዎቹ በረራዎች በአንዱ ወጣሁና ዋይትሆል ወደምትባለው ከተማ፣ ወላጆቼ አፓርታማ ተመለስኩ። ጽሑፉም እዚያው ቀረ። ልቀጥለው ባሰብኩ ቁጥር ለማን እንደምጽፈው ይጠፋኛል።

ቡቡ ካስተማሩኝ ሥዕሎች ሁሉ አንዱን ብቻ በወረቀትም በስልክም እንዳላስቀር ከልክለውኝ ነበር። ስሙ መንገድ ነው። የሞተ ሰው ወደ ሙታን አገር ሲሄድ አንዲት ሴት መንገዱ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ፊቷ ያለው አሸዋ ላይ ሥዕሉ አለ። ሟቹ ሲቃረብ ግማሹን በእጇ ትጠርገዋለች። የተጠረገውን መልሶ የሣለ ያልፋል። ያልቻለውን ትበላዋለች።

ቡቡ ይህን የነገሩኝ ስለ ጎረቤት ሴት እንደሚያወሩ ነው። “አትቸኩልም” አሉኝ። “ብዙ ጊዜ አላት።” ወንዶች የልጅ ልጆቻቸው ኒውዚላንድ ፖም ለቀማ ሄደው ስለነበር ሥዕሉ የደረሰው ለእኔ ነው።

በሴትዮዋ አላምንም። ቡቡ ግን ያምናሉ። አሁን ደግሞ በድን እጃቸውን ይዘው ወደ እሷ እየሄዱ ነው።

በጨው ሞከርኩ። ትሪ ላይ በነሰነስኩት ዱቄት ሞከርኩ። እጄ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስታወስ ስጥር የቡቡ መዳፍ አሸዋውን ሲጠርግ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከመዳፉ በታች ምን እንደነበረ አይታየኝም።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቀን ጠዋት መጋዘኑ ደጅ የቆመ ትሬለር በር ላይ፣ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው የለቀቀው ነጭ አቧራ ውስጥ፣ መንገዱን አየሁት። ግራው ግማሽ ጥርት ብሎ ተሥሏል። ቀኙ በመዳፍ እንደተጠረገ ነው። የገዛ ጓንቴን አየሁ። ጣቱ ነጭ ሆኗል። መቼ እንደነካሁት አላስታውስም።

ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የምትነዳው ሀኒ በምሳ ሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“አንተ ነህ እንዴ ትሬለር የምትሞነጫጭረው? ሱፐርቫይዘሩ ካሜራውን ቼክ አደርጋለሁ እያለ ነው።”

“የቱን በር?”

“የቱን ይለኛል። ሦስቱንም ነዋ።”

እኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነበር። ካሜራው ምን እንዳሳየ አልጠየቅሁም።

እሑድ ዕለት አባቴን አሸዋ ጠየቅሁት። አባቴ ግርማቸው የኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። የራሱ መኪና ግን አሮጌ ፒካፕ ናት፣ በረዶ ላይ እንዳትንሸራተት ዊንተር በመጣ ቁጥር የጭነት ቦታዋ ላይ በከረጢት አሸዋ ይጭንባታል።

“ምን ልታደርገው ነው?”

“ልሥልበት።”

“እህ” አለ ጃኬቱን እየደረበ። “ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠህ የሄድክበት ትምህርት ለካ የእኔ ፒካፕ ላይ ነበር።”

ከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሂተሩ አጠገብ አስቀምጠን አሟሟነውና ሳሎን ውስጥ በዘረጋነው የሻወር መጋረጃ ላይ ደፋነው። እዚሁ የተወለደችው እህቴ ሰምሀል ስልኬን ይዛ ሶፋው ላይ ቆመች።

“ዳድ፣ ዘ ካርፔት። ማሚ ከሥራ ስትመጣ ሺ ዊል ኪል ዩ።”

“እኔን ለምን? አርቲስቱ እሱ ነው።”

ተንበርክኬ ጀመርኩ። መሐሉ ላይ እጄ ቆመ። ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ፣ አሁንም ቆመ። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“ለመሆኑ ምንድን ነው እሱ?”

ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ቡቡ ዝም ብለው ሥለው እንደማያውቁ የታወሰኝም ያኔ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያወሩት ሰው ነበራቸው። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ሟቹ፣ ስለሚጠረገው ግማሽ ለአባቴ መናገር ስጀምር ጣቴ አብሮ ተነሣ። እርጥቡ አሸዋ ይቀዘቅዛል። ሰምሀል እንድትቀርጽ በዓይኔ ጠቀስኳት።

አባቴ አላቋረጠኝም። መሐለኛው ዙር ላይ ስደርስ ብቻ፣

“የእነሱን ሰዎች ብቻ ነው የምትጠብቀው?” አለ።

“እንጃ፣ አባዬ።”

“ደጀንስ?”

ጋሼ ደጀን የሥራ ባልደረባው ነበር። በ2020 ኅዳር በኮሮና ታሞ ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ሞተ። አባቴ የተሰናበተው በስልክ ነው፣ ስልኩን የያዘችለትም ነርሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ስሙን ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ጣቴን ማንሣት አልችልም፤ ከተነሣ ሥዕሉ ይሞታል። እዚያው እንዳሳረፍኩት፣

“ጋሼ ደጀን መንገድ አይጠፋውም” አልኩ። “ጂፒኤስ እንኳ አይከፍትም ነበር።”

“እሱስ አይከፍትም።” አባቴ ትንሽ ፈገግ አለ። “ክሊቭላንድ አቬኑ በተዘጋ ቁጥር ሁሌ በግራ ነበር የሚወጣው። በግራ ምንም የለም እለዋለሁ። ዝም ብለህ ተቀመጥ ይለኛል። እውነትም ይወጣል።”

ጣቴ ወደ ግራ ታጠፈ።

አላዘዝኩትም። ታጠፈና በቀድሞው መስመር ላይ አለፈ፣ ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ ከተነሣበት ነጥብ ላይ ገብቶ ቆመ። ክፍተት የለውም።

“ኢት ክሎዝድ” አለች ሰምሀል በቀስታ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየው። “አለፈ ማለት ነው?”

መስመሩ ተዘግቷል፣ ግን የማን ነው? ጣቴ የታጠፈው ቡቡ ያስተማሩት ስለነበር ነው ወይስ አባቴ ግራ ስላለ? የተሳሳተ ከሆነ አንድ የታመመ ሰው የተሳሳተ መንገድ ይዞ ሴትዮዋ ፊት ሊቆም ነው። ዌሊንግተን የተማርኩት ሁሉ ይህን ለመለየት አይረዳኝም።

ሥዕሉን ልጠርገው መዳፌን ስዘረጋ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። “ተወው። ትንሽ ይቆይ።”

“መጠረግ አለበት፣ አባዬ።”

“አውቃለሁ። ትንሽ አልኩህ።”

ተውኩት። እጄን ልታጠብ ሄጄ ስመለስ ሰምሀል ክፍሏ ገብታለች። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ፒካፑን ያያል። ሥዕሉ ግማሹ የለም። ቀኙ በሰፊ መዳፍ ተጠርጎ ልሙጥ ሆኗል።

“ጠረግከው?”

ዞሮ አየው። “እኔ አልነካሁትም” አለ።

መዳፉ ላይ አሸዋ ነበር። ከረጢቱን የተሸከመውም እሱ ነው። ወንበሩን መልሶ አሸዋው ፊት ተቀመጠና የጎደለውን ወገን ሲያይ ቆየ፣ አንድ ጊዜም ሌባ ጣቱን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

በደሴቱ ላይ ነግቶ ነበር። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ልላከው አልላከው እያልኩ ቆየሁ። ካልላክሁት ቡቡ በግማሹ ይሄዳሉ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጽፌ ላክሁት፦

“ኤልሲ፣ ወደ ግራ ነው የታጠፈው። የቡቡ ይሁን የሌላ ሰው እርግጠኛ አይደለሁም። አሳዪያቸው። የእሳቸው ከሆነ ንገሪኝ። ካልሆነም ንገሪኝ፣ እንደገና እሞክራለሁ።”

አንድ ግራጫ ምልክት ወጣ፤ ተልኳል፣ ግን ገና አልደረሳትም ማለት ነው። በረዶው ቀልጦ አባቴ ከረጢቶቹን ከፒካፑ እስኪያወርድ ድረስም ምልክቱ አንድ ብቻ ነበር።